የእጅ ሙያና የኮሌጅ ዲግሪ፤ ሚዛኑ ወዴት ያጋድላል?

ከመገናኛ ተነስቶ ወደ አያት በሚጓዘው የቀላል ባቡር መስመር ላይ ሁለት ፌርማታዎች ተጎራብተው ይገኛሉ ማለት ይቻላል። አንደኛው የኢትዮጵያ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ በሚገኝበት አካባቢ ያለው ነው። ተቋሙ በ1987 ዓ.ም. የሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ በሚል መጠሪያ ከተመሠረተበት ጊዜ አንስቶ በርካታ የመንግሥት ሠራተኞችና የሥራ ኃላፊዎችን በዲግሪ ሲያስመርቅ ቆይቷል። ጥቂት አለፍ ብሎ የሚገኘው ደግሞ የሲ.ኤም.ሲ ፌርማታ ነው።

ሲ.ኤም.ሲ የሚለውን ስም በየዕለቱ የሚጠራው የመዲናዋ ነዋሪ ብዙ ቢሆንም ትርጉሙን ቆም ብሎ የሚያስበው ግን ጥቂት ነው። መጠሪያው በአካባቢው ይሠራ ከነበረ የጣሊያን የግንባታ ድርጅት የተወሰደ ሲሆን ፊደላቱ በጣሊያንኛ የግንበኞችና የሲሚንቶ ሠራተኞች የኅብረት ሥራ ማኅበር የሚል ሐሳብ የያዙ ናቸው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1901 ራቬና በተባለችው የጣሊያን ከተማ ሲመሠረት መሥራቾቹ ግንበኞች ነበሩ። እነሆ ዛሬ ከምሥራቃዊ አዲስ አበባ ታዋቂ የመኖሪያ ሰፈሮች አንዱ የሚጠራው በአንድ ባለዲግሪ ስም ሳይሆን በግንበኞች ማኅበር ስም ነው።

እነዚህ ሁለት ጎረቤታሞች፣ ማለትም የዲግሪው ተቋምና የግንበኞችን ስም የያዘው ሰፈር፣ በአሁኑ ወቅት በበርካታ ቤተሰቦች ውስጥ የሚነሳውን ጥያቄ በአንድ መንገድ ላይ አሰልፈው የሚያሳዩ ናቸው። ልጅን ኮሌጅ አስገብቶ ዲግሪ ማስያዝ ይሻላል ወይስ ሙያ አስተምሮ ከሥራ ማገናኘት? ጥያቄው የወላጅ ብቻ አይደለም። የሥራ መደብ የሚመዝኑ፣ የቅጥር መስፈርት የሚያወጡ፣ በጀት የሚደለድሉና ግዥ የሚፈጽሙ የመንግሥት ሠራተኞችና ኃላፊዎችም በየዕለቱ ሥራቸው ለዚሁ ጥያቄ መልስ እየሰጡ ይገኛሉ።

ጥያቄው ለምን ዛሬ ከበደ?

በኢትዮጵያ የከፍተኛ ትምህርት መስፋፋት በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ የተከናወነ ትልቅ ለውጥ ነው። የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲው በ1986 ዓ.ም. ሲወጣ በአገሪቱ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ በአሁኑ ወቅት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ደርሰዋል። ይህ መስፋፋት ቀደም ሲል የጥቂቶች ዕድል የነበረውን ዲግሪ ለብዙኃኑ አድርሷል። በሌላ በኩል ዲግሪ ብቻውን ለሥራ ዋስትና የሚሆንበት ዘመን እንዲያበቃ አድርጓል።

ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አሰጣጥ ሲለወጥ ሁኔታው ይበልጥ ግልጽ ሆነ። በዚያ ዓመት ፈተናውን ከወሰዱት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3 ነጥብ 3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3 ነጥብ 2፣ በ2016 ዓ.ም. 5 ነጥብ 4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8 ነጥብ 4 ከመቶ ሆኗል። አሃዙ ከ2015 ዓ.ም. በኋላ መሻሻል ቢያሳይም፣ በ2017 ዓ.ም. እንኳ ከ585 ሺህ በላይ ተፈታኞች ውስጥ የማለፊያውን ነጥብ ያገኙት 49 ሺህ የማይሞሉ ናቸው።

ዩኒቨርሲቲ ገብተው ትምህርታቸውን ያጠናቀቁትም ሌላ መመዘኛ ይጠብቃቸዋል። በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ የተሰጠውን የመውጫ ፈተና ከወሰዱት 150 ሺህ ያህል ዕጩ ተመራቂዎች መካከል ያለፉት 40 ከመቶ ገደማ እንደነበሩ በወቅቱ ይፋ የሆነው ውጤት ያስረዳል።

ከእነዚህ አሃዞች የሚነሳው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ከመቶ ተፈታኞች ዘጠና አንዱ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት የዩኒቨርሲቲን በር በቀጥታ ካላገኙ፣ ሌላው መንገድ የጥቂቶች ሳይሆን የብዙኃኑ መንገድ ሆኗል ማለት ነው። የብዙኃኑን መንገድ ደግሞ "የወደቁት የሚሄዱበት" ብሎ መጥራት፣ የአገሪቱን አብዛኛውን ወጣት ገና ሥራ ሳይጀምር እንደ ወደቀ መቁጠር ይሆናል።

ንቀቱ የቆየ፣ ተግሣጹም የቆየ

ለእጅ ሙያ የሚሰጠው ዝቅተኛ ግምት ትናንት የመጣ አይደለም። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸማ የሚሸምነው፣ ቆዳ የሚፍቀው፣ ሸክላ የምትሠራው በኅብረተሰቡ ዘንድ ሲሰደቡና ሲገለሉ መኖራቸው የታወቀ ነው። ማረሻውን የሚያርሰው ገበሬ፣ ጋቢውን የሚደርበው መኳንንት፣ እንስራውን የምታዝለው እመቤት ሁሉም የባለሙያውን እጅ ሲፈልጉ ባለሙያውን ግን ከማዕዳቸው ያርቁት ነበር።

ይህን ልማድ ለመለወጥ የተደረገው ጥረትም ረዥም ታሪክ አለው። አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አቅራቢያ በምትገኘው ጋፋት የውጭ አገር ባለሙያዎችን አሰባስበው መድፍ ሲያሠሩ፣ የአገር ልጆችም ሙያውን አብረው እንዲማሩ ይፈልጉ ነበር። በ1860 ዓ.ም. ዋዜማ የተሠራው ሴባስቶፖል የተሰኘው መድፍ የዚያ ጥረት ምስክር ሆኖ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

መናገሻቸውን ከእንጦጦ ተራራ አውርደው አዲስ አበባን የቆረቆሩት ዳግማዊ አፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ፣ ሠራተኛን በሙያው መስደብ እንዲቀር አዘዋል። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ አዋጅ ባለሙያን መስደብ እርሳቸውን እንደመስደብ እንደሚቆጠር አስጠንቅቀው፣ በአውሮፓ የእጅ ሥራ አዋቂ እንደሚከበር በምሳሌነት አንስተው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል። ስድቡ ዛሬ በአደባባይ ባይሰማም፣ "ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገባ" ሲባል የሚሰማው ደስታና "ልጄ ብየዳ እየተማረ ነው" ሲባል የሚከተለው ዝምታ የቀድሞው ልማድ ሙሉ በሙሉ እንዳልጠፋ ያሳያሉ።

ዘመናዊው የሙያ ትምህርት በአዲስ አበባ በተደራጀ መልኩ ከጀመረባቸው ተቋማት ቀዳሚው ከጣሊያን ወረራ ማብቃት በኋላ የተመሠረተው የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ነው። ከእርሱ ቀጥሎ ጄኔራል ዊንጌት፣ እንጦጦና ምሥራቅን የመሳሰሉ ተቋማት ዛሬ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሆነው በዘርፉ ያሠለጥናሉ። በ2014 ዓ.ም. የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሲቋቋምም ሥልጠናውን ከሥራ ሥምሪት ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ማገናኘት አንዱ ዓላማ ተደርጎ ተይዟል።

ሒሳቡ ሲሠራ

ወደ ሲ.ኤም.ሲ እንመለስ። በአካባቢው ከተሠሩት ቀደምት የመኖሪያ ቤቶች ጀምሮ፣ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በምሥራቅ አዲስ አበባ በተስፋፉት የጋራ መኖሪያ ቤቶች፣ በሪል ስቴት መንደሮችና በግለሰብ ሕንፃዎች ሁሉ የአንድ ቤት ግንባታ የብዙ እጆች ውጤት ነው። መሐንዲሱና አርክቴክቱ በወረቀት ያሰፈሩትን መሬት ላይ የሚያውሉት ፌሮ ሠራተኛው፣ ግንበኛው፣ አናጢው፣ ለሳኙ፣ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ በያጁ፣ ሴራሚክ አንጣፊውና ቀለም ቀቢው ናቸው። ሕንፃው ካለቀ በኋላም የመሐንዲሱ ሥራ ሲያበቃ የእነዚህ ባለሙያዎች ሥራ በጥገና መልክ ይቀጥላል።

ገቢን በተመለከተ ለመንግሥት ሠራተኛው ቅርብ የሆነ አንድ ሒሳብ መሥራት ይቻላል። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገው የደመወዝ ማሻሻያ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ያልተጣራ ደመወዝ ከ6 ሺህ 940 ወደ 11 ሺህ 500 ብር ከፍ እንዲል ተወስኗል። ይህ ደመወዝ ለ22 የሥራ ቀናት ሲካፈል በቀን 523 ብር ገደማ ይደርሳል። ቤቱን ያሳደሰ፣ የተበላሸ ቧንቧ ያስጠገነ ወይም ወለሉን ሴራሚክ ያስነጠፈ ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ ለባለሙያው በቀን የከፈለውን አስታውሶ ከዚህ አሃዝ ጋር ማነጻጸር ይችላል።

ይሁን እንጂ ሒሳቡ በዚህ ቢቆም አሳሳች ይሆናል። የመንግሥት ሠራተኛው ከደመወዙ 7 ከመቶ ለጡረታ ሲያዋጣ መሥሪያ ቤቱ 11 ከመቶ ይጨምርለታል። በ11 ሺህ 500 ብር ደመወዝ ላይ ይህ የአሠሪው መዋጮ 1 ሺህ 265 ብር ነው። ሠራተኛው በእጁ ባይቆጥረውም የእርሱ ሀብት ነውና ሲደመር የወር ዋጋው 12 ሺህ 765 ብር ይሆናል። በራሱ የሚሠራው ባለሙያ ደግሞ ሥራ በወር 22 ቀን ሙሉ ላያገኝ ይችላል። በክረምት ወራት የውጭ ሥራ ይቀዘቅዛል፤ ሲሚንቶና ብረት ሲጠፋ ግንባታው ይቆማል። በወር 15 ቀን ብቻ ሠራ ቢባል ከመንግሥት ሠራተኛው ጋር ለመስተካከል በቀን 851 ብር ማግኘት ይኖርበታል። የመሣሪያውን መግዣና የትራንስፖርት ወጪውን የሚሸፍነውም ከዚሁ ነው። የዓመት ዕረፍት፣ የሕመም ፈቃድና የወሊድ ፈቃድ ደግሞ ለዕለት ሠራተኛ እምብዛም የማይታሰቡ ናቸው። ከመወጣጫ የወደቀ ግንበኛ ወይም ዓይኑ በብየዳ ብርሃን የተጎዳ በያጅ ገቢው የሚቋረጠው በዚያው ዕለት ነው።

እንግዲህ ሚዛኑ ሁለት ጎን አለው። የሠለጠነ ባለሙያ የቀን ገቢ ከጀማሪ ባለዲግሪ ሊበልጥ ይችላል፤ የባለዲግሪው ዋስትና ግን ከባለሙያው ይበልጣል። አንዱ በገቢ፣ ሌላው በእርጋታ ይጠቀማሉ። ጉዳዩን በሚገባ የሚመለከት ወላጅ ማነጻጸር ያለበት ደመወዝን ከዕለት ክፍያ ጋር ብቻ ሳይሆን ሙሉውን ኑሮ ከሙሉው ኑሮ ጋር ነው።

ሌላው ልዩነት ዋጋ ሲንር የሚታይ ነው። የባለሙያው ክፍያ በየሥራው በድርድር የሚወሰን በመሆኑ ከገበያው ጋር አብሮ የመንቀሳቀስ ዕድል አለው። የመንግሥት ደመወዝ ደግሞ የሚለወጠው ስኬሉ በመንግሥት ውሳኔ ሲሻሻል ነው። በአንጻሩ ሥራ ሲቀዘቅዝ የባለሙያው ክፍያ ወዲያውኑ ሲቀንስ ወይም ሲጠፋ የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ በወሩ መጨረሻ ይደርሰዋል።

ጊዜንም ማስላት ያስፈልጋል። የመጀመሪያ ዲግሪ ቢያንስ አራት ዓመት፣ ምህንድስና ደግሞ አምስት ዓመት ይፈልጋል። ተመራቂው ሥራ ሲይዝ የወጪ መጋራት ዕዳውንም መክፈል ይጀምራል። የሙያ ሠልጣኝ እንደ ደረጃው በአጭር ጊዜ ሠልጥኖ ወደ ሥራ ሊገባ ይችላል። ጓደኛው ዩኒቨርሲቲ በሚቆይባቸው ዓመታት እርሱ ልምድ፣ ደንበኛና መሣሪያ ያፈራል። ይህ ግን የሚሆነው ሥልጠናው በእርግጥ እጁን የፈታው ከሆነ ነው።

የወረቀት ሙያ እንዳይሆን

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ዲግሪ ያለ ዕውቀት ወረቀት እንደሚሆን ሁሉ የሙያ ምስክር ወረቀትም ያለ ክህሎት ወረቀት ብቻ ይሆናል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ስትራቴጂ ውጤት ተኮር የተባለውም ለዚህ ነው። በስትራቴጂው መሠረት ሠልጣኙ የሚለካው በክፍል ውስጥ በቆየበት ጊዜ ሳይሆን መሥራት በሚችለው ሥራ ነው። ሥልጠናው 70 ከመቶ በተግባር፣ 30 ከመቶ በንድፈ ሐሳብ እንዲሆን፣ ተግባሩም በኢንተርፕራይዞችና በፋብሪካዎች ጭምር በትብብር እንዲሰጥ አቅጣጫ ተቀምጧል።

በአጭሩ ሲኦሲ እየተባለ የሚጠራው የሙያ ብቃት ምዘናም የዚሁ አሠራር አካል ነው። የምዘናው ትልቁ ጥቅም ትምህርት ቤት ላልገቡትም በሩን መክፈቱ ነው። ሙያውን ከአባቱ ወይም ከአለቃው አጠገብ ቆሞ የተማረ ግንበኛ ተመዝኖ ብቃቱን ካሳየ ዕውቅና ያገኛል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ሥምሪት አዋጅ ቁጥር 923ም ለሥራ ወደ ውጭ የሚሄዱ ዜጎች የብቃት ማረጋገጫ እንዲኖራቸው በመደንገግ ምዘናው ከአገር ውጭም ዋጋ እንዲኖረው አድርጓል።

የትብብር ሥልጠናው በተግባር ፈተና የሚገጥመው ሠልጣኙን የሚቀበል ሥራ ቦታ ሲጠፋ ነው። ብየዳን በጥቁር ሰሌዳ ማስተማር አይቻልም። ኤሌክትሮድ፣ ብረትና ኃይል በሌለበት ወርክሾፕ ሠልጣኙ የሚያገኘው ስለ ብየዳ የተነገረውን እንጂ ብየዳን አይደለም። የዘርፉ ሥልጠና ከመደበኛ ትምህርት ይልቅ ለአንድ ተማሪ የሚጠይቀው ወጪ ከፍ የሚለውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናን እንደ ርካሽ አማራጭ አድርጎ በጀት መያዝ ከመነሻው ስህተት ይሆናል።

የሌሎች ተሞክሮ

በዚህ ረገድ ዘወትር የምትጠቀሰው ጀርመን ናት። በዚያች አገር ሠልጣኙ ሳምንቱን በሥራ ቦታና በትምህርት ቤት ከፍሎ ይማራል። ከሠልጣኝነት እስከ ማይስተር፣ ማለትም እስከ ዋና ባለሙያ፣ የሚያደርስ መሰላልም አለው። አገሪቱ ያወጣችው የብቃት ማዕቀፍ ማይስተርን ከመጀመሪያ ዲግሪ እኩል በስድስተኛ ደረጃ ላይ አስቀምጦታል። በስዊዘርላንድም ከወጣቶች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ከግዴታ ትምህርት በኋላ የሚመርጡት የሙያ ሥልጠናን ነው።

ከእነዚህ አገሮች የሚወሰደው ትምህርት ሁሉም ሰው የእጅ ሙያ ይማር የሚል አይደለም። ሐኪም፣ መምህር፣ የሕግ ባለሙያና ተመራማሪ ለማንኛውም አገር ያስፈልጋሉ፤ ያለ ከፍተኛ ትምህርትም አይገኙም። ትምህርቱ መሰላሉ ነው። የሙያን መንገድ የመረጠ ወጣት ከፊቱ ግድግዳ ሳይሆን ደረጃ ካየ፣ ወላጁም ልጁን ለመላክ አያመነታም። በአገራችን ዘርፉ ለረዥም ጊዜ በደረጃ 5 ላይ ቆሞ መቆየቱ የመንገዱን ማራኪነት ቀንሶት ነበር። በቅርብ ዓመታት ሥልጠናው እስከ ደረጃ 8 እንዲዘልቅ የተቀመጠው አቅጣጫ ይህን ክፍተት ለመሙላት የታለመ ነው።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ያለው ድርሻ

የእጅ ሙያን ዋጋ ከፍ የሚያደርገው ወይም ዝቅ የሚያደርገው ስብከት ሳይሆን የየዕለቱ አስተዳደራዊ ውሳኔ መሆኑን ማስተዋል ይገባል። አንድ መሥሪያ ቤት የጄኔሬተር፣ የሊፍት ወይም የተሽከርካሪ ጥገና የሥራ መደብ ሲያወጣ ሥራው የሚጠይቀው የተመዘነ ክህሎት ሆኖ ሳለ ዲግሪ ብቻ በመስፈርትነት ቢያስቀምጥ፣ ለወጣቶች የሚያስተላልፈው መልእክት ግልጽ ነው። ወጣቱ እጁን ከማፍታታት ይልቅ ወረቀት ፍለጋ ይሄዳል። በሌላ በኩል ሥራውን የሚያውቅ ቴክኒሻን የእድገት ጣሪያው ዝቅ በማለቱ ብቻ ሙያውን ትቶ በማያገለግልበት መስክ ዲግሪ ለመያዝ በማታው ክፍለ ጊዜ ይመዘገባል። መሥሪያ ቤቱ ጥሩ ቴክኒሻን አጥቶ መካከለኛ የቢሮ ሠራተኛ ያተርፋል።

ክፍያን በወቅቱ መፈጸምም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በማኅበር ተደራጅተው የመንግሥትን ሥራ የሚወስዱ ወጣት ባለሙያዎች መሣሪያቸውን የሚገዙት፣ የዕለት ሠራተኛ የሚከፍሉት ከሚሰበስቡት ገንዘብ ነው። በሰነድ መጓተት ምክንያት ለወራት የዘገየ ክፍያ ለመሥሪያ ቤቱ የአሠራር ጉድለት ሲሆን ለአምስት ወጣቶች ማኅበር ግን የመፍረስ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ተለማማጅ መቀበልም በእያንዳንዱ ተቋም እጅ ያለ ነው። ጋራዥ፣ ማተሚያ ቤት፣ የሕንፃ አስተዳደር ወይም የኤሌክትሪክ ክፍል ያለው መሥሪያ ቤት ሁሉ የሥልጠና ቦታ ነው። በየዓመቱ ጥቂት ሠልጣኞችን ከባለሙያ ጋር አጣምሮ ማሠራት ከፍተኛ በጀት አይጠይቅም። የአደጋ መከላከያ ጓንት፣ ጫማና የራስ ቁር ማቅረብ ግን የግድ ነው። ወላጅ ልጁን ወደ ሙያ ለመላክ ከሚፈራባቸው ምክንያቶች አንዱ አደጋ ነውና።

የወላጅ ውሳኔ

በመጨረሻም ጥያቄው ወደ ቤት ይመለሳል። የ12ኛ ክፍል ውጤቱ በስልክ ደርሶት በዝምታ የተቀመጠ ልጅ ፊት ወላጅ የሚናገረው የመጀመሪያው ቃል ለዓመታት ይታወሳል። ያን ዕለት የሚነገረው ተግሣጽ ከሆነ፣ ልጁ ነገ የሚገባበትን የሙያ ኮሌጅ እንደ ቅጣት ይቆጥረዋል፤ እንደ ቅጣት የተጀመረ ሙያ ደግሞ አይሠምርም። ይልቁንም ልጁ ምን ሲሠራ ሰዓቱ እንደሚረሳው፣ እጁ ወዴት እንደሚያዘነብል መጠየቅ፣ ተቋሙን በአካል ሄዶ ወርክሾፑን ማየት፣ ተመራቂዎቹ የት እንደሚሠሩ ማጣራት ይበጃል። ይህ ጥንቃቄ ለዩኒቨርሲቲ ምርጫም እኩል የሚያስፈልግ ነው።

አበው "ከመጠምጠም መማር ይቅደም" ያሉት ጥምጣሙን ንቀው አይደለም፤ ከሥሩ ዕውቀት እንዲኖር እንጂ። ዲግሪም ሆነ የሙያ ምስክር ወረቀት ጥምጣም ነው። የሚመዘነው ከሥሩ ያለው ነው። ከሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ወደ ሲ.ኤም.ሲ የሚጓዝ የመንግሥት ሠራተኛ በቀኝም በግራም የሚያያቸው ሕንፃዎች በባለዲግሪው ንድፍና በባለሙያው እጅ የቆሙ ናቸው። አንዱ ቢጎድል ሕንፃው አይቆምም ነበር። ሰፈሩም በግንበኞች ስም መጠራቱን ሲያስታውስ፣ ቤት ውስጥ ውጤቱን ይዞ ለሚጠብቀው ልጅ የሚለውን ቃል በመንገዱ ላይ እያለ ሊያስብበት ይችላል።